ሬዲዮ እና ሽቦ

«ቁጥር አራት ማን ነው? ሁለተኛው ቁጥር አራት የታለ?»

ሽቦ ከሄልሜቱ ውስጥ ያወጣችውን ቁራጭ ወረቀት መዳፏ ውስጥ ጨምድዳ ያዘችው። ሁለተኛዋ ቁጥር አራት እሷ ናት። የመጀመሪያዋ ደግሞ ወንዙ ዳር፣ ነጩ ጠጠር ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ የምትጠብቀው ሬዲዮ ነበረች።

«እኔ ከሷ ጋር አልሄድም» አለች ሽቦ።

«ትሄጃለሽ» አሉ አስተማሪያቸው፣ ከያዙት ዝርዝር ቀና ሳይሉ። «ዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ አማላጅ የለውም።»

«ኧረ ይመቻል ቲቸር!» አለ ዲጄ ከኋላ። ዲጄ ሰው ሳያስቅ መዋል የማይችል ልጅ ነው። «ሬዲዮ ያለ ሽቦ መች ይሠራል?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ከሸለቆው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲመለስ፣ ገደሉም አብሯቸው ሙድ የያዘ መሰለ።

በዚያ ክፍል ማንም በስሙ አይጠራም። ሽቦ ቅጽሏን ያገኘችው ቀጭን ሆና አልሰበር ባይ ስለሆነች ነው፤ ትወደዋለችም። የሬዲዮ ቅጽል ግን ገና ሦስት ወሩ ነው። ከመንፈቀ ዓመቱ የሒሳብ ፈተና በፊት አምስት ልጆች ጥያቄውን በስልክ ተቀባብለው ነበር፤ አንዷ ሽቦ ናት። ይሄን ያየችው ልጅ፣ አስተማሪያቸው ጠርተው ሲጠይቋት ያየችውን ተናገረች፤ «ሬዲዮ» የተባለችውም ያኔ ነው። አምስቱም ዜሮ ተሰጣቸው። የሽቦ አባት አልጮኹም፣ አልተቆጡም፤ ዝም አሏት። ጨው አቀብሉኝ ብትል እንኳ በእናቷ በኩል ነው የሚያሳልፉላት።

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮን የሚያናግራት የለም። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ክፍል ስትገባ አንዱ ተነስቶ «እሽሽ! ዜና ሊጀምር ነው!» ይላል። መጀመሪያ ያንን ያለችው ሽቦ ነበረች። የተሳካ ቀልድ ስለሆነ ሌሎቹ ወረሱት።

በዚህ የክፍል ጉዞ መንገድ መሪያቸው የሽቦ አክስት ናት። ወጣትነቷን ድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ገደል ላይ የሚሠሩ ሰዎችን በገመድ ስታወርድና ስታወጣ የኖረች፣ ትከሻዋ እንደ ወንድ የሰፋ፣ ንግግሯ አጭር ሴት ናት። አሁን ሰው እየመራች በዚህ ሸለቆ ታሳልፋለች።

«ስሙኝ» አለች ሁሉም ሄልሜቱን ካሰረ በኋላ። «ይሄ የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃ ሲልሰው እንደ ስኳር ይሟሟል፤ የተረፈው ደግሞ እንደ ምላጭ ስለታም ይሆናል። በባዶ እጃችሁ አትደገፉት። ግድግዳው ሥር ውሃ የቦረቦረው ጉድጓድ አለ፤ ከላይ አይታይም፣ ከገባችሁ ግን አይመልስም። ‹ቁሙ› ስል ቁሙ። ጥያቄ ያለው?»

ጥያቄ ያለው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በእግር ነበሩ። ወንዙ ድንጋዩ ሥር ገብቶ ጠፍቷል፤ ድምፁ ብቻ ከእግራቸው በታች ሲያጉረመርም ይሰማል። ግድግዳዎቹ በሁለት ወገን ቀጥ ብለው ወጥተው ሰማዩን እንደ መቀነት አቅጥነውታል። ሦስት ፎቅ በሚሆን ከፍታ ላይ፣ የሆነ ጊዜ ጎርፍ ያመጣው ግንድ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ተወትፎ ቀርቷል። «ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል ማለት ነው?» አለች አንዷ ልጅ። ፀሐይ አልደረሰችበትም፤ ብርዱ አጥንት ይበላል።

በአየር የተነፉትን ስድስት ትንንሽ ጀልባዎች የሚሸከሙት በዕጣ የተጣመሩት ጥንዶች ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሽቦ ከፊት ሆነች። ሆን ብላ ፈጠን ትላለች፣ ሆን ብላ ድንገት ትቆማለች። የጀልባው አፍንጫ የኋለኛዋን ሆድ ሲመታት ይሰማታል። አንድ ቦታ ላይ ሬዲዮ ተደናቅፋ በጉልበቷ ወደቀች። ሱሪዋ ተቀደደ፤ ደሟ በነጩ ድንጋይ ላይ ጎልቶ ታየ። ተነሳች፣ ጀልባዋን አነሳች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ዝምታዋ ሽቦን ይበልጥ አናደዳት። ብትሳደብ ይቀላት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ከድንጋዩ ሥር ተመልሶ ወጣ፤ ወተት የተቀላቀለበት አረንጓዴ መስሎ፣ እየቀዘቀዘ፣ እየፈጠነ። ሁለት ኩሬዎችን በጀልባ አለፉ። ሦስተኛው ላይ መንገዱ ተቆረጠ። ወንዙ በጠባብ አንገት ገብቶ አራት ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል፤ ከታች ጥቁር ኩሬ አለ። ከዚያ በገመድ እንጂ በሌላ አይወረድም።

አክስቷ ጀልባዎቹን አወረደች። ቀጥላ ገመዱን ከገደሉ አፍ ላይ እንደ ቀንድ በወጣው ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችና ጭራውን ለሽቦ ሰጠቻት። ሽቦ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ትምህርት ሲዘጋ ከአክስቷ ጋር እየወረደች ገመድ አያያዝ ተምራለች። ጥምጥሙ ክብደቱን ይሸከማል፤ ጭራውን የያዘው ሰው ቀስ እያለ ካቀበለ ቀጭን ልጅ እንኳ ትልቅ ሰው ማውረድ ትችላለች። ቁም ነገሩ እጅን አለመክፈት ነው።

«እኔ ታች ሆኜ በጀልባ እቀበላለሁ» አለች አክስቷ ለሁሉም እንዲሰማ። «የምታወርዳችሁ እሷ ናት። ስትጨርስ ራሷን ታወርዳለች፤ ታውቅበታለች።» ከአክስቷ አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው።

ሽቦ መጀመሪያ አክስቷን፣ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ አወረደቻቸው። ዲጄ ዐይኑን ጨፍኖ እናቱን እየጠራ ወረደ። አስተማሪው እንኳ ፊታቸው ነጣ ብሎ፣ «ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» እያሉ ወረዱ። በመጨረሻ ከላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

«ቋጠሮዬን ታዪልኛለሽ?» አለች ሬዲዮ። በዚያን ቀን የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ሽቦ ቋጠሮውን ጎተት አድርጋ አየችላት። ደህና ነው። ሬዲዮ ጀርባዋን ለባዶው ሰጥታ ገደሉ አፍ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ከብርድ ሰማያዊ ሆኗል።

«አባትሽ... አሁን ያናግሩሻል?» አለች።

ምናልባት ከልቧ ጠይቃ ይሆናል። ምናልባት ሦስት ወር ሙሉ ልትጠይቅ ፈልጋ ሰው የሌለበት ቦታ እስክታገኝ ጠብቃ ይሆናል። ሽቦ ግን ይሄን ሁሉ ያሰበችው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደሟ ወደ ጆሮዋ ወጣ።

«ውረጂ» አለቻት።

ሬዲዮ ወረደች። አንድ ሜትር፣ አንድ ተኩል። እግሯ የሚያሟልጨውን ግድግዳ እየፈለገ። ታች ያሉት ልጆች ቀና ብለው እያዩ ነው። አንድ ክንድ ብቻ፣ አለች ሽቦ በልቧ። አንድ ክንድ ልልቀቅባትና ትጩህ። ሁሉም ይሳቅባት። ከዚያ እይዘዋለሁ።

ጣቶቿን ከፈተች።

ገመዱ እርጥብ ነበር። አንድ ክንድ አላለም፤ እንደ እባብ ሸሸ። መልሳ ጨበጠችው፤ መዳፏን እንደ እሳት ላጠው፤ አልቆመም። ጭራው ከቀንዱ ላይ ተፈትቶ ጥፍ አለ። የሬዲዮ እጅ ከግድግዳው ጋር ሲላተም የተሰማው ድምፅ አጭርና ደረቅ ነበር። ከዚያ ከጀልባው በግራ በኩል፣ ውሃው ወደ ግድግዳው ሥር በሚገባበት ወገን ወደቀች፤ አልወጣችም።

የጮኹት ሌሎቹ ናቸው። አክስቷ መቅዘፊያዋን ነክራ ጀልባዋን ልታዞር ታገለች፤ የፏፏቴው ግፊት ግን ወደ ማዶ ወረወራት።

ሽቦ አላሰበችም። ዘለለች።

ብርዱ ደረቷን እንደ ጡጫ መታት። ዐይኗን ስትገልጥ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። የግድግዳው ሥር እንደ ተከፈተ አፍ ተቦርቡሯል፤ ውስጡ ብርቱካናማ ነገር ይታያል። የሬዲዮ የመንሳፈፊያ ጃኬት ነው። ላንሳፍፋት እያለ ከድንጋዩ ጣሪያ ጋር አጣብቋታል፤ እግሮቿ ይራገጣሉ። ሽቦ ውሃው ወደ ውስጥ እየጎተታት እጇን ዘረጋች፤ ማሰሪያውን አገኘች፤ ሁለት እግሮቿን ግድግዳው ላይ ተክላ ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ኋላ ሳበች። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ተላቀቀች። ከውሃው በላይ ሲወጡ የአክስቷ መቅዘፊያ ፊታቸው ላይ ነበር።

ኩሬው መጨረሻ ላይ ሰፋ ያለ የጠጠር ሜዳ አለ። እዚያ አወጧቸው። ሬዲዮ አስመለሳት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ተነፈሰች። የእጅ አንጓዋ አብጦ እንደ ዳቦ ሆኗል። አክስቷ በሁለት ቀጫጭን እንጨትና በጨርቅ አሰረችላትና ደረቅ ብርድ ልብስ አለበሰቻት።

ያኔ ነው ዲጄ የጀመረው። «ሽቦ! ሽቦ! ሽቦ!» ሌሎቹ እያጨበጨቡ ተቀበሉት። ገደሉ ደግሞ መለሰላቸው፤ ሽቦ፣ ሽቦ፣ ሽቦ። አንዷ አቀፈቻት፤ አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ሰጣት። «አቦ አንቺ ጀግና ነሽ! ከዚያ ሁሉ ከፍታ! እኔ ብሆን እዚያው ደርቄ እቀር ነበር!»

አክስቷ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ቆዳው ተገፏል። ቅባት እየቀባችላት፣ «እስከ መጨረሻው ይዘሽዋል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄን ያህል እስኪልጥሽ ድረስ ይዘሽዋል።» ዐይኗ እርጥብ ነበር። አክስቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። ሽቦ እጇን መንጠቅ ፈለገች፤ ግን ተወችው።

አስተማሪው ትንሽ ራቅ ብለው ጠብቀው ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄን ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ አለብኝ» አሏት አክስቷን። «ገመዱ ነው ልጅቷን የጣላት። ከእንግዲህ ተማሪ ወደዚህ የሚልክ ወላጅ አይኖርም። እኔም አልመክርም።»

«ልክ ነዎት» አለች አክስቷ። «ገመዱን እኔ መረጥኩ፣ እኔ ቋጠርኩ። ረጥቦ እየተንሸራተተ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከወገቧ ቢላዋ አወጣች። ጠጠሩ ላይ ተቀምጣ ገመዱን ጭኗ ላይ አደረገችና መቁረጥ ጀመረች። ዳግመኛ ሰው እንዳይታመንበት ነው። ሽቦ ያንን ገመድ ታውቀዋለች። ምንም አልሆነም። ጤነኛ ነው።

ተነስታ ሬዲዮ ወደተቀመጠችበት ሄደች። ሬዲዮ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ሁሉም አይተዋት ሲያበቁ ተመልሰው ሽቦን ሊያደንቁ ሄደዋል።

«እጅሽ እንዴት ነው?»

«እንደምታዪው።»

ሽቦ የተላጠ መዳፏን የተሰጣት ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ገመዱ አመለጠኝ» አለች ሽቦ። ለምን እንዳለችው ራሷም አላወቀችም።

«አላመለጠሽም» አለች ሬዲዮ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ የምትናገር ነው የምትመስለው። «ቀና ስል እያየሽኝ ነበር። ገመድ የሚያመልጠው ሰው ገመዱን ነው የሚያየው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለች ሽቦ።

ሬዲዮ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ። «እኔ? እንደገና? ምነው፣ እስካሁን ያየሁት አነሰኝ?» ብርድ ልብሱን ጠበቅ አደረገች። «ባለፈው አስተማሪ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሦስት ወር ሙሉ ምሳዬን ሽንት ቤት ቆልፌ ነው የምበላው። ይሄን ታውቂያለሽ? አታውቂም። ዛሬ ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ገላገለኝ።»

«እንድትወድቂ አልነበረም... ትንሽ እንድትደነግጪ ብዬ...»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ትያለሽ?»

«ገድለሽኝ ትስቂያለሽ ብዬ አላስብም። ግን እባክሽ አሁን ከፊቴ ሂጂ።»

ሽቦ እዚያው እንደቆመች ቀረች። ከኋላዋ የቢላዋው ድምፅ ይሰማል፤ ክርክር፣ ክርክር። ዲጄ የዘለለችበትን ከፍታ ለሌሎቹ በእጁ እያሳየ ነው፤ አራቱ ሜትር ስድስት ሆኗል፤ መንደር እስኪደርሱ አሥር ይሆናል። ዝም ብትል ሁሉም እንዲሁ ያልፋል። ያየ የለም። ያየችው ሬዲዮ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ አትናገርም።

ወደ አክስቷ ሄደች።

«አክስቴ፣ አትቁረጪው።»

«ተይኝ።»

«ገመዱ ደህና ነው። የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ።»

ጭብጨባና ጨዋታው እንደ ተቆረጠ ውሃ ቀጥ አለ። አስተማሪው ዞሩ። አክስቷ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ ቀና አለች።

«ስንት ክንድ?» አለች።

«አንድ። አንድ ክንድ ብቻ ነበር ያሰብኩት።»

«አንድ ክንድ ብቻ የሚባል ገመድ የለም።» አክስቷ ይሄን ያለችው በሹክሹክታ ነው። ቢላዋውን አፎቱ ውስጥ መለሰችው። ገመዱ ግን ቀድሞውኑ ሦስት ቦታ ሆኗል። «ከዛሬ በኋላ የኔን ገመድ አትነኪም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ!» ጩኸቷ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

«አባትሽ እንደሚጠሩ ታውቂያለሽ» አሉ አስተማሪው። «አሁን ያልሽውን እጽፈዋለሁ። እንዳለ።»

«ይጻፉት።»

ዲጄ አጠገቧ መጥቶ በጎን አጉረመረመ። «ምን ሆነሽ ነው አቦ? ማን አየሽና? ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» ዲጄ መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ጃኬቱን የሰጣት ልጅ መጥቶ ጃኬቱን ወሰደ።

ከዚያ በኋላ የቀረው መንገድ በጀልባ የአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ውሃው ጸጥ ያለ፣ ግድግዳው ቀስ በቀስ የሚከፈት። አክስቷና አስተማሪው በዳር በኩል፣ በስለታሙ ድንጋይ ላይ በእግር እንደሚሄዱ ጠዋት ተነግሮ ነበር፤ ጀልባዎቹ የጥንዶቹ ናቸው። አምስቱ ጥንዶች ተሳፍረው ተነሱ። ስድስተኛው ጀልባ ጠጠሩ ላይ ቀረ፤ ቁጥር አራት።

ሬዲዮ የታሰረ እጇን በደረቷ አቅፋ ጀልባው አጠገብ ቆማለች። መቅዘፍ አትችልም። ሽቦ መቅዘፊያውን አነሳች፤ ከዚያ ቆመች።

«ከኔ ጋር ትሄጃለሽ?» አለች። «ወይስ አክስቴን ልጥራልሽ?»

ሬዲዮ ጀልባውን አየች፤ ውሃውን አየች።

«አክስትሽን» አለች።

«እሺ።»

ሽቦ ሄዳ መቅዘፊያውን ለአክስቷ ሰጠቻት። አክስቷ ተቀበለቻት። ሽቦ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገብታ ጀልባው እንዳይወዛወዝ በሁለት እጇ ያዘችው። የተላጠው መዳፏ አቃጠላት። ሬዲዮ ልትሳፈር ስትል ሽቦ ክርኗን ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ ሬዲዮ እጁን አልፋ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ገባች፤ ተቀመጠች። ሽቦ እጇን መለሰች። ከዚያ ጀልባውን በቀስታ ወደ ጥልቁ ገፋችው፤ እስኪሄድ ድረስም አለቀቀችውም።

አስተማሪው ዳር ላይ ይጠብቋት ነበር። ጫማዋ ውሃ እየተፋ፣ በስለታሙ ድንጋይ ላይ መርገጫ እየመረጠች ከኋላቸው መራመድ ጀመረች።